ባሕር የሌለበት ገበታ፦ የአየር ጠባይና የመርከብ መጠን በባሕር ጦርነት ጨዋታ



ዛሬ የምናገረው በትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች በጠረጴዛና በወለል ላይ ስለሚካሄደው የባሕር ጦርነት ጨዋታ ነው። ጨዋታ መባሉ አያሳንሰው። የባሕር ኃይል መኮንኖች ሙያቸውን የተማሩበት፣ የታሪክ ተመራማሪዎችም ያለፈን ውጊያ እንደገና የፈተሹበት መሣሪያ ነው። ከዚህ ሰፊ ጉዳይ ሁለት ነገር ብቻ መርጫለሁ፤ የአየር ጠባይንና የመርከብን መጠን። ብዙ የጨዋታ ደንቦች እነዚህን ለያይተው በየምዕራፋቸው ያስቀምጧቸዋል። የአየር ጠባይማ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ ተጫዋቾች ከወደዱ ከሚጨምሯቸው ደንቦች ጋር ነው። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው እላለሁ። ባሕሩ ሳይነገር መርከቡ ትልቅ ነው ማለት ትርጉም የለውም፤ መርከቡ ሳይታወቅም ማዕበሉ ከባድ ነው ቀላል ነው ማለት አይቻልም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አጨዋወቱን ላላዩ ባጭሩ ልግለጽ። እያንዳንዱ እውነተኛ መርከብ በምጥጥን ያነሰ ሞዴል ይሠራለታል። ተጫዋቾቹ በየዙሩ ትእዛዛቸውን ይጽፋሉ፤ ከዚያም ሞዴሎቹን ፍጥነታቸው በሚፈቅደው ልክ ያንቀሳቅሳሉ። ርቀት ይለካል ወይም በዓይን ይገመታል፤ ተኩሱ ማግኘቱና መሳቱ በዳይስና በሠንጠረዥ ይወሰናል። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ዳኛ ይቀመጣል። በቼዝ ገበታ ላይ ፈረሱ ዝናብ ዘነበ ፀሐይ ወጣ አካሄዱ አይለወጥም። እዚህ ግን ያው መርከብ በረጋ ባሕር ላይ ሌላ፣ በሚናወጥ ባሕር ላይ ሌላ መሆን አለበት፤ ሌላ እንዲሆን የሚያደርገውም ደንቡ ብቻ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ነፋስ የተረሳ አልነበረም። በመርከብ ሙያ ያልኖረው ስኮትላንዳዊ ጆን ክለርክ ኦፍ ኤልዲን በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ መርከቦችን እያንቀሳቀሰ የባሕር ውጊያን ያጠና ነበር፤ ድርሰቱንም በ1782 ለሕትመት አበቃ። በሸራ ዘመን ነፋስ ሞተር ስለነበር ነፋስን የማይቆጥር ጨዋታ ሊኖር አይችልም። እንፋሎት ሲመጣ ግን መርከብ በፈቀደው አቅጣጫ መሄድ ቻለ፤ ነፋስም ከገበታው ቀስ በቀስ የወጣ መሰለ። በ1898 እንግሊዛዊው ፍሬድ ጄን የራሱን የባሕር ጦርነት ጨዋታ አወጣ። እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ታዋቂው የዓለም የጦር መርከቦች መዘርዝርም በዚያው ዓመት ነው የጀመረው። መዘርዝሩ መርከብን በክብደት፣ በመድፍ፣ በብረት ጥሩር ውፍረትና በፍጥነት ይገልጻል። አሜሪካዊው ደራሲ ፍሌቸር ፕራት ደግሞ በ1940 ባሳተመው የጨዋታ ደንብ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀመር አስገብቶ ለእያንዳንዱ መርከብ አንድ የዋጋ ቁጥር አወጣ። መርከቡ በተመታ ቁጥር ከዚያ ላይ ነጥብ ይቀነሳል፤ ነጥቡ ሲያንስ ፍጥነቱና መድፎቹም ይቀንሳሉ። ፕራትና ወዳጆቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በሰፊ አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ርቀቱን በዓይን እየገመቱ ይጫወቱት ነበር።

የፕራትን ሥራ አከብራለሁ። ማንም ሰው በአንድ ምሽት ውስጥ የአንድን ውጊያ ስሜት እንዲያገኝ አስችሏል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተሰላው መርከቡ ወደብ ላይ እንደ ቆመ ተቆጥሮ ነው። መድፉ ከውኃው ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ተተከለ፣ አፍንጫው ማዕበል ሲገጥመው ምን እንደሚሆን ቁጥሩ አይናገርም። ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚከፈልበት የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ውጊያ አለ፤ ጊዜዬን በዚያ ላይ ላሳልፍ።

ቀኑ ኅዳር 1 ቀን 1914 ነው፤ ቦታው ከቺሌ ጠረፍ ባሻገር፣ ኮሮኔል ከተባለችው ወደብ አጠገብ። በአንድ ወገን የእንግሊዙ አድሚራል ክራዶክ፣ በሌላው ወገን የጀርመኑ አድሚራል ፎን ሽፔ። የክራዶክ ዋና መርከብ ጉድ ሆፕ ከ14,000 ቶን በላይ ይመዝን ነበር። የፎን ሽፔ ሻርንሆርስት ግን 13,000 ቶን እንኳ አይሞላም። ጉድ ሆፕ ሁለት ባለ 234 ሚሊሜትርና 16 ባለ 152 ሚሊሜትር መድፎች ነበሩት፤ አብሮት የተሰለፈው ሞንማውዝ ደግሞ 14 ባለ 152። እነዚህን በወረቀት ላይ የደመረ ሰው የእንግሊዝን ወገን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፍ ነው ብሎ አይገምትም።

ባሕሩ ግን ወረቀቱን አላየም። ከጉድ ሆፕ 16 መድፎች ስምንቱ፣ ከሞንማውዝ 14 መድፎች ስድስቱ የተተከሉት በታችኛው ወለል ላይ፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። የሚያገለግሉትም ባሕሩ ሲረጋ ብቻ ነው። በዚያን ቀን ነፋሱ ብርቱ፣ ማዕበሉም ከፍ ያለ ስለነበር ከሠላሳው መድፍ 14ቱ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጀርመኖቹ ሻርንሆርስትና ግናይዜናው ግን እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ 210 ሚሊሜትር መድፎቻቸውን ከፍ ባለ ቦታ ተክለው ነበርና ውኃው አልከለከላቸውም።

ከማዕበሉ በላይ ደግሞ ብርሃኑ አለ። እንግሊዞቹ በምዕራብ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ በኩል ነበሩ፤ ጀርመኖቹ በምሥራቅ፣ በየብሱ በኩል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች የጀርመን ተኳሾችን ዓይን ትወጋ ነበር፤ ክራዶክም በዚያች ሰዓት መቅረብ ፈልጎ ነበር። ፎን ሽፔ ግን ፍጥነቱን ተጠቅሞ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ራቅ ብሎ ጠበቀ። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ተገለበጠ። የእንግሊዝ መርከቦች በቀላው ሰማይ ላይ ጥቁር ሆነው ታዩ፤ ጀርመኖቹ ከኋላቸው ካለው የምሽት ጨለማ ጋር ተዋሐዱ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ተኩስ ጉድ ሆፕ ፈነዳ፤ ሞንማውዝም በዚያው ሌሊት ሰጠመ። ከሁለቱ መርከቦች አንድም ሰው አልተረፈም፤ የሞቱት 1,600 ያህል ናቸው። ከጀርመን ወገን የሞተ አልነበረም።

አሁን ይህን ውጊያ ወደ ገበታው እናምጣው። ብዙ ደንቦች "ባሕሩ ከተናወጠ ሁሉም መርከብ ከመምታት ዕድሉ ላይ ይህን ያህል ይቀንስ" ብለው ያልፋሉ። ከሁለቱም ወገን እኩል ሲቀነስ ማንም አይጎዳም፤ ጨዋታው ይዘገይ እንደሆነ እንጂ ውጤቱ ያው ነው። የኮሮኔልን ውጤት የሚያመጣው እኩል ያልሆነው ቅናሽ ነው። ለአንዱ መርከብ ከመድፎቹ ግማሽ ያህሉን የሚዘጋ፣ ለሌላው የማይዘጋ ደንብ ያስፈልጋል። ዓመቱን ቆጥራችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱም ይኸው ነው። በ1759 ኪብሮን በተባለው የፈረንሳይ ባሕረ ሰላጤ፣ በኅዳር ወጀብ ውስጥ፣ ባለ 74 መድፉ የፈረንሳይ መርከብ ቴዜ የታችኛውን ወለል የመድፍ መስኮቶች ከፍቶ ሲዋጋ ውኃው በዚያው ገብቶ አሰጠመው። በሁለቱ ውጊያዎች መካከል 155 ዓመት አለ፤ ሸራው በእንፋሎት ተተክቷል፤ የውኃና የመድፍ መስኮት ጉዳይ ግን አልተለወጠም።

ወደ መርከብ መጠን እንለፍ። "ትልቅ" የሚለውን በአንድ ቁጥር መግለጽ የሚያስቸግረው መርከብ ሲያድግ ሁሉም ነገሩ በእኩል ስለማያድግ ነው። ርዝመቱ በእጥፍ ቢጨምርና ቅርጹ ባይለወጥ ለዓይንና ለጥይት የሚሰጠው ገጽታ አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሁለት የአሜሪካ መርከቦች ውሰዱ። የፍሌቸር ዓይነቱ ዲስትሮየር 2,050 ቶንና 115 ሜትር ያህል ነው፤ ታላቁ የጦር መርከብ አዮዋ 45,000 ቶንና 270 ሜትር ያህል። ክብደቱ 22 እጥፍ ሆኖ ሳለ ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ደንብ ለመርከቡ ጽናት ክብደትን፣ ለዒላማነቱ ገጽታውን፣ ለማዕበሉ ደግሞ ርዝመቱንና የመድፉን ከፍታ መጠየቅ አለበት። ሦስቱን በአንድ "የመጠን ደረጃ" የሚጠቀልል ደንብ ለመጫወት ይቀላል፤ የሚያስተምረው ግን የተሳሳተ ነገር ነው።

ለምን ርዝመት? ማዕበልም ርዝመት ስላለው ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ በየስምንት ሰከንዱ የሚመጣ ማዕበል ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ይረዝማል፤ በየዐሥር ሰከንዱ የሚመጣው 156 ሜትር። ብርቱ ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል ብዙ ጊዜ በዚህ መካከል ነው፤ የዲስትሮየርም ርዝመት እዚሁ ላይ ይወድቃል። የመርከብና የማዕበል ርዝመት ሲቀራረብ መርከቡ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ከዚያም መልሶ ውኃው ውስጥ ይዘፍቃል። ካፒቴኑ ፍጥነት ካልቀነሰ የፊት መድፎቹን፣ አንዳንዴም ሰዎቹን ያጣል። 230 ሜትር የሆነ መርከብ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ማዕበል በላይ ስለሚደገፍ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ በታኅሣሥ 26 ቀን 1943 ከኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ በላይ በተደረገው ውጊያ ታይቷል። የጀርመኑ ሻርንሆርስት፣ በኮሮኔል የተዋጋው ሳይሆን ስሙን የወረሰው ትልቁ መርከብ፣ ወደ ሩሲያ የሚጓዙ የጭነት መርከቦችን ፍለጋ ወጣ። አምስት ዲስትሮየሮች አብረውት ነበሩ፤ በወጀቡ ውስጥ ተለያይተው መልሰው ሳይገናኙ ቀሩ። የእንግሊዝ ክሩዘሮች ጠዋት ሲገጥሙት ፊት ለፊት ከሚመጣው ማዕበል የተነሣ ከ24 ኖት በላይ መሄድ አልቻሉም። በመዘርዝሩ ላይ ግን ፍጥነታቸው ከ31 እስከ 32 ኖት ነው፤ ከሻርንሆርስት አያንስም። ትልቁ መርከብ ጥሏቸው ሄደ። መዘርዝሩን ብቻ የሚያምን ጨዋታ ያንን ማምለጥ ሊያሳይ አይችልም፤ ክሩዘሮቹ ሳይርቁ ይከተሉታልና። ማታ ላይ ዱክ ኦፍ ዮርክ የተባለው ታላቅ የእንግሊዝ መርከብ በራዳር እየተመራ አገኘው። ጥይት የማሞቂያ ክፍሉን መትቶ ፍጥነቱ ሲወርድ ቀድሞ መጠጋት ያቃታቸው የእንግሊዝ ወገን ዲስትሮየሮች ደረሱበትና ቶርፔዶ ለቀቁበት። ከ1,900 በላይ ከሆኑት ሰዎቹ የተረፉት 36 ናቸው። ትልቅነቱ የሰጠውን የመፍጠን ብልጫ አንድ ጥይት ወሰደበት፤ ጥሩ ደንብ ይህንንም በገበታው ላይ እንዲሆን ይፈቅዳል።

ትንሽነት ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በጥቅምት 25 ቀን 1944 ከፊሊፒንስ ሳማር ደሴት አጠገብ ጥቂት የአሜሪካ ዲስትሮየሮችና አጃቢ መርከቦች፣ ያማቶ የተባለውን ግዙፍ የጦር መርከብ ጨምሮ እጅግ የበለጠ ኃይል ያለውን የጃፓን ጦር ገጠሙ። የዝናብ ግርዶሽና የራሳቸው ጭስ ሸፈናቸው። ወፍራም ብረት በስቶ እንዲፈነዳ የተሠራው የጃፓን ጥይት ደግሞ ስስ ገላቸውን ሰንጥቆ ሳይፈነዳ ያልፍ ነበር። ሦስቱ ቢሰጥሙም የጃፓኑ ጦር ፊቱን አዙሮ ተመለሰ። ስለዚህ "ትልቅ መድፍ ትንሽ መርከብን በአንድ ምት ያጠፋል" የሚል ቀጥተኛ ሠንጠረዥ አይበቃም፤ የጥይቱ ዓይነት ከጥሩሩ ውፍረት ጋር መመዛዘን አለበት። ከዚያ ውጊያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 18፣ ከባድ አውሎ ነፋስ የአሜሪካን መርከቦች አገኘ። ሃል፣ ስፔንስና ሞናሃን የተባሉ ሦስት ዲስትሮየሮች ተገልብጠው ሰጠሙ፤ በአውሎ ነፋሱ የሞቱት ሰዎች 790 ያህል ናቸው። ጠላት በአካባቢው አልነበረም። በተለይ ስፔንስ ነዳጁ እጅግ ስላነሰ ሆዱ ቀልሎ ላዩ ከብዶ ነበር። በጨዋታ ደንብ ውስጥ የነዳጅ መጠን ለዘመቻ እንጂ ለውጊያ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን አልቀበልም።

ወደ ዕይታ ጉዳይ ስንመለስ፣ በሊቨርፑል የነበረውን ትምህርት ቤት ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1942 ካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስ ደርቢ ሀውስ በተባለው ሕንፃ ውስጥ፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ከሆኑ የባሕር ኃይል ባልደረቦች ጋር፣ በወለል ላይ የሚካሄድ ጨዋታ አቋቋመ። ዓላማው የአትላንቲክን የጭነት መርከቦች ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ማዳን ነበር። ተማሪዎቹ መኮንኖች ወለሉን ሙሉ በሙሉ እንዲያዩ አይፈቀድላቸውም፤ ከሸራ መጋረጃ ጀርባ ቆመው በጠባብ ቀዳዳ አንድ የመርከብ አዛዥ በዚያች ሰዓት ሊያይ የሚችለውን ብቻ ያያሉ። የሰርጓጆቹ መንገድ ከመጋረጃው ጀርባ በማይታይ አረንጓዴ ጠመኔ ይሣላል። ለእያንዳንዱ ውሳኔ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። በሌሊት በውኃው ፊት ላይ የተንሳፈፈ ሰርጓጅ ዝቅ ያለና ትንሽ ነው፤ ትልቁን የጭነት መርከብ ከሩቅ ያያል፣ እሱ ግን አይታይም። እዚህ ላይ የመርከብ መጠንና የብርሃን ሁኔታ አንድ ደንብ ሆነዋል። በዚያ ወለል ላይ 5,000 ያህል መኮንኖች ሠልጥነዋል። ከማውቃቸው የጦር ጨዋታዎች ሁሉ እጅግ የማደንቀው ይህን ነው፤ ተጫዋቹ ከማያውቀው ነገር ጋር እንዲታገል ያደርገዋልና።

የገበታው ስፋትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በ1 ለ3,000 ምጥጥን 180 ሜትር የሆነ መርከብ 6 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የ12 ኪሎሜትር የተኩስ ርቀት ግን አራት ሜትር ይወስዳል። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ተጫዋቾች ለርቀት ሌላ ምጥጥን ያወጣሉ፤ ለምሳሌ አንድ ሴንቲሜትር መቶ ሜትር ይሁን ይላሉ። ያን ጊዜ ሞዴሉ ብቻውን 600 ሜትር ቦታ ይይዛል፤ ተከታትለው የሚሰለፉ መርከቦች ይደራረባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መርከቡ ያለው በሞዴሉ መካከል ባለች አንዲት ነጥብ ላይ እንደሆነ ተስማምቶ ሁሉንም ልኬት ከዚያ መጀመር።

እንግዲህ ደንብ ለሚጽፍ ሰው ምን ልበል? የባሕር ኃይል መኮንኑ ፍራንሲስ ቦፎርት የነፋስን ኃይል ከዜሮ እስከ 12 ሲመድብ መለኪያው መርከብ ነበር፤ ነፋሱ የጦር መርከብ ስንት ሸራ እንዲዘረጋ ይፈቅዳል ብሎ ነው የጠየቀው። ደንብ ጸሐፊም ይህንኑ ይጠይቅ። ከጨዋታው በፊት ዳኛው የባሕሩን ደረጃ፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የፀሐይዋን ቦታና የመጥለቂያዋን ሰዓት ይወስን። ለእያንዳንዱ መርከብ ካርድ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ ከየትኛው የባሕር ደረጃ ጀምሮ የታችኞቹ መድፎች እንደሚዘጉ፣ ማዕበሉ ከፊት ሲመጣ፣ ከጎን ሲመጣና ከኋላ ሲመጣ ከፍተኛ ፍጥነቱ ስንት እንደሚሆን። ዕይታ ለብቻው ይያዝ፤ ጭጋግ በረጋ ባሕርም አለ፣ ወጀብም በጠራ ሰማይ ይነሣልና። ጭሱ ወደየት እንደሚነዳ ነፋሱ ይወስን። በየዙሩ ዳይስ እየጣሉ አየሩን መቀያየርን ግን አልደግፍም። የባሕር አየር ሲለወጥ ምልክት ይሰጣል፤ አዛዡም ምልክቱን አይቶ እንደ ፎን ሽፔ መጠበቅ ወይም መፍጠን መቻል አለበት። ለውጡን ዳኛው አስቀድሞ ጽፎ በፖስታ ያሽገው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይክፈተው።

ይህ ሁሉ ጨዋታውን ያከብደዋል የሚል ክርክር እሰማለሁ። የሚጨመረው በአንድ ካርድ ላይ ሁለት መስመር ነው። ለዚያ ሁለት መስመር ብሎ ባሕሩን ከባሕር ጦርነት ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም።

በአዳራሹ ውስጥ በምፅዋ በነበረው የባሕር ኃይላችን ያገለገላችሁ ብትኖሩ የምለምናችሁ ነገር አለ። ቀድሞ ኦርካ የተባለ የአሜሪካ መርከብ የነበረውና በ1962 ወደ አገራችን የመጣው "ኢትዮጵያ" 95 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ ትንንሽ የጥበቃ ጀልባዎች ነበሩን። በቀይ ባሕር ነፋስ ትልቁ መርከብ ምን ይሆን እንደነበር፣ ትንሹ ጀልባ ምን ይሆን እንደነበር እናንተ በእግራችሁ ቆማችሁ ታውቁታላችሁ። እባካችሁ ጻፉት፤ ለወጣቶቹም ንገሯቸው። የታሪክና የፊዚክስ መምህራን ደግሞ ውድ ሞዴል አትጠብቁ። ከካርቶን አራት መርከብ ቁረጡ፣ ኮሮኔልን በክፍሉ ወለል ላይ አሰልፉ፤ አንዴ ማዕበሉን ትታችሁ፣ አንዴ የታችኞቹን 14 መድፎች ዘግታችሁ አጫውቱ። ተማሪዎቹ ሁለቱን ውጤቶች አስተያይተው ራሳቸው ይከራከሩበት።